የሰው ዕቃ አያለሁ

እኔ የሰው ዕቃ አያለሁ። ይህን የምጽፈው ንስሐ ልገባበት አይደለም። በገበያ ቀን ማልጄ እነሣለሁ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም ወደሚሸጥበት በር ሁሉ ጎራ እላለሁ። ዋጋ እጠይቃለሁ፤ አሸታለሁ፤ ቆንጠር አድርጌ እቀምሳለሁ፤ ከዚያም አመስግኜ ሳልገዛ እወጣለሁ። ዝናብ ቢሆን፣ ራሴን ቢያመኝ፣ ሰው ቢያፈጥብኝ አልቀርም። በትልልቁ ከተማ ይህንኑ ለመሥራት ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ ስሙ ምቀኝነት ነው፤ ባስ ሲልም ክፉ ዓይን ይባላል። ስምሽ ጠፋ ይሉኛል። ይጥፋ።

የምሸጠው ባልትና ነው። በርበሬውን ከገበሬ በዛላው እገዛለሁ፤ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ከነኮረሪማውና ከነአዝሙዱ ተፈጭቶ በኪሎ ይሸጣል። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ በአስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ክፍሏ የኔ አይደለችም፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአባታቸው የወረሷት ናት። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ስንጋባ "ሠርታችሁ ብሉባት" ብለው አከራዩን። ባለቤቴ የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙ ከወሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ቤታችንን ይዞ የኖረው በርበሬው ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ከፊት ለፊቴ አዲስ የባልትና መደብር ተከፈተ። የመስታወት በር አለው። በርበሬው በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጎ፣ በላዩ ሳቂታ ሴት ተስላበት፣ በመደዳ ተደርድሯል። ባለቤቱ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ትሑት፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በወደድሁ፤ ለመጥላት ይመቸኝ ነበር። መምህራኑና የቢሮ ሠራተኞቹ፣ ያ ሁሉ ደንበኛዬ፣ ቀስ በቀስ መንገዱን ተሻገረ። ከእሱ ገዝተው ሲወጡ ለኔ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሰላምታው ለኔ፣ ብሩ ለእሱ ሆነ።

ጎረቤት እየመጣ ያጽናናኝ ጀመር። "አይዞሽ፣ ዕድልሽን ማንም አይወስድብሽም" ይሉኛል። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ያንጨረጭረኛል። ዕድሌ እኮ ዓይኔ እያየ አስፋልት እየተሻገረ ነው!

ከጥምቀት በኋላ እትዬ መጡ። በርጩማ ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ባዶውን ሱቅ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ያ ማዶ ያለው ሰውዬ ክፍሏን ለዕቃ ማስቀመጫ ጠይቆኛል" አሉኝ። "አንቺን ጎትቼ አላስወጣሽም። እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ። ሰው ካልገባልሽ ግን ለሚፈልጋት እሰጣታለሁ። ይኸው ነው።"

"እስከ ፋሲካ ሰው ይገባልኛል፣ እትዬ" አልኋቸው። ከየት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ብቻ ያችን ክፍል ማጣት አልፈልግም። ግድግዳዋን ቀለም የቀባሁት በራሴ እጅ ነው፤ ትንሿ ልጄ ዳዴ ያለችው ከመደርደሪያው ሥር ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየው መደብሩን ከመክፈቱ በፊት ሱቄ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ደንበኛ መስሎኝ በርበሬዬን መዳፉ ላይ አስቀመስሁት። ኮረሪማውን ከየት እንደማመጣ፣ ገዢ መቼ መቼ እንደሚበዛ፣ የቢሮ ሰው ምን ያህል ምን ያህል እንደሚወስድ ሲጠይቀኝ እየሳቅሁ ነገርሁት። አየኝ፣ መዘነኝ፣ ከዚያ ከፊት ለፊቴ ከፈተ። መጀመሪያ እሱን ረገምሁ። እርግማኑ ሲደክመኝ ግን ምን አጠፋ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ነጋዴ ነው፤ ገበያውን አየ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቴን ዋጋ እንኳ አላውቅም። ለምን? የሰው ዕቃ ማየት ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ። ወንድ ሲዞር የነቃ ነጋዴ ይባላል፤ ሴት ስትዞር ምቀኛ። ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወጣሁ። ለራሴ ሕግ አወጣሁ። በማይበት ቀን አልገዛም። የማንንም ዕቃ አላጣጥልም። ተደብቄ አላይም። ከየትም ቦታ ቢሆን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አልወጣም። መጀመሪያ ገበሬው ከገጠር በሚገባበት መንገድ ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ ወደ ቅመም ተራ፣ ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት፣ በመጨረሻ ወደ ባልትና ሱቆቹ። መንገድ ክፍት በሆነበት ሳምንት ደግሞ በሚኒባስ ጅጋ ወይም ቡሬ ደርሼ እመለሳለሁ። መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ፣ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ሲቀር፣ የገበያ ወሬ የሚገኘው በእግር ነው፤ ያን ጊዜ እንዲያውም አብዝቼ እዞራለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አላየሁም። ያየሁት የራሴን ንዴት ነው። የሰውየውን መስታወት አይቼ እናደዳለሁ፤ የሌላዋን አዲስ ሚዛን አይቼ እናደዳለሁ፤ ሁሉም ከኔ የተሻለ ይመስለኛል። ባለቤቴ "እስቲ ዛሬ ምን አየሽ?" ሲለኝ እሱኑ እቆጣዋለሁ። ልተወው ቃጥቶኝ ነበር። ያልተውሁት አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ እልኸኛ ስለሆንሁ ነው። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ገባኝ። አንድ ቀን የታየ ነገር ብቻውን ምንም አይናገርም። የዛሬውን ካለፈው ሳምንት ጋር ሳስተያየው ነው ገበያው አፍ የሚያወጣው።

መጀመሪያ አፍ ያወጣው ቡሬ ላይ ነው። ከወምበርማ በኩል በሚያስገባው መንገድ ዳር ቆሜ ሳይ፣ በርበሬ ጭነው ይመጡ የነበሩት አህዮች በቆሎ ጭነዋል። ያለፈውም ሳምንት እንዲሁ ነበር፤ ልብ አላልሁትም እንጂ። አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ተጠጋሁና፣ "አባባ፣ በርበሬውን ምን አደረጋችሁት?" አልኋቸው።

"ታመመብን፣ ልጄ" አሉኝ ሳይቆሙ። "ቆሞ ሳለ ይደርቃል። አበጀሁ ስትይ ይጠወልጋል። እኔስ ለከርሞም በቆሎ ነው የምዘራ።"

ለሌሎች ገበሬዎችም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ያንኑ መለሱልኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ በርበሬ ሊጠፋ ነው አልሁት። እጃችን ላይ የነበረውን ሁሉ አሟጥጬ፣ ዕቁቤንም ለምኜ ከተራዬ ቀድሜ ወስጄ፣ በሚቀጥለው ቀን ቡሬ ተመልሼ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ገዛሁ። ባለቤቴ "አንዱን ኪሎ መሸጥ ያቃተሽ ሴት ይህ ሁሉ ጆንያ ለማን ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ሰማይ ሲወጣ ግን ማታ ማታ ጆንያዎቹን ይቆጥር ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወሬው ከኔ ቀድሞ ይዞር ኖሯል። አንድ ቀን የነፍስ አባቴ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡና ከጸሎቱ በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ሰማሁ። እውነት ባይሆን እወዳለሁ" አሉኝ።

"ምን ሰሙ፣ አባቴ?"

"የሰው ዕቃ እያየሽ ትዞሪያለሽ አሉኝ። ያየሽው ሁሉ ገበያው ይቀዘቅዝበታል ይላሉ።"

"አባቴ፣ ካየሁት ሁሉ ይልቅ የቀዘቀዘው የራሴ ገበያ ነው። ዓይኔ ያን ያህል ኃይል ቢኖረው መጀመሪያ ማንን እንደማይ እርስዎም አያጡትም።"

ሳቃቸው መጣባቸውና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉ። "ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ከሰው ደጅ?"

"የጎደለኝን ነው የምፈልግ። በራሴ ቤት ተቀምጬማ ምንም የጎደለኝ አይመስለኝም።"

"መመኘት እንዳይሆን ብቻ።"

"አልመኝም፣ አባቴ። እጠይቃለሁ።"

መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። አልፈቀዱልኝም፤ አልከለከሉኝምም። እኔ እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።

ሰዉ ግን እንደሳቸው አልሳቀም። በቅመም ተራ ብቅ ስል ማዳበሪያ ጆንያ እየሳቡ ዕቃቸውን መሸፈን ጀመሩ። የማውቃቸው ሴቶች ናቸው፤ ከአንዳንዶቹ ጋር አብረን ማኅበር እንጠጣለን። ሰውየው ደግሞ በመስታወት በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። ፊቱን አላጠቆረብኝም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ እጁ ግን መጋረጃውን ይስባል። የመጀመሪያ ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ቡዳ የተባልሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ልጆቼም ይሰሙታል ብዬ አፈርሁ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን እንደለመድሁት ወጣሁ። አንዷ ፊቴ ላይ ጆንያዋን ስትስብ ቆሜ፣ "እሺ፣ የተሸፈነው ኪሎው ስንት ነው?" አልኋት። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። እሷም ሳታስበው ዋጋውን ነገረችኝ።

ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወሬ መጣ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር እየቀላቀሉ ሸጡ የሚል ወሬ ነው። የት ከተማ፣ ማን እንደሸጠ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል። በሳምንቱ የተፈጨ በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። የኔም ተቀመጠ፣ የሁሉም ተቀመጠ። ከሁሉም የባሰው የሰውየው ነበር። ያ ሁሉ መጋረጃ ለኔ ተብሎ የተሰቀለ ነው፤ ገዢው ይህን በምን ያውቃል? "ንጹሕ ቢሆን ምን አስሸፈነው?" ማለት ተጀመረ። መጋረጃውን ቢያነሣ ዓይኔን ፈራ፤ ባያነሣ ገዢው ሸሸው። አላነሣውም።

በርበሬው ንጹሕ እንደነበር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጥምቀት ጀምሮ በየሳምንቱ ለገዢ ማስቀመሻ ከከፈተው ላይ ቀምሼዋለሁ፤ ጨው ይበዛዋል እንጂ አፈር የለበትም። የጠየቀኝን ሁሉ ንጹሕ ነው አልሁት። ማንም አላመነኝም። እሱን ለማዳን ብዬ አልነበረም፤ ያየሁትን ስጠየቅ መዋሸት ስለማልወድ ነው።

እኔን ያዳነኝ ወፍጮ ቤት ነው። በዙረቴ ሁሉ እዚያ ሳልቆም አላልፍም ነበር፤ ሰልፉ ከሳምንት ሳምንት ሲረዝም አይቻለሁ። መጀመሪያ የገጠር ሴቶች ብቻ ነበሩ። በኋላ መምህራኑ መጡ፣ የቢሮ ሠራተኞቹ መጡ፤ መንገዱን የተሻገሩብኝ እነዚያው ደንበኞቼ ናቸው። ዛላ ገዝተው፣ ያለ ልማዳቸው ቀንጥሰው፣ ግማሹን አሳርረው፣ ግማሹን ሳያደርቁ ያመጡታል። አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው እያስነጠሱ ይቆማሉ። አንዷን መምህርት፣ "ምነው እዚህ ታነቅሽ? ሰጥተሽው ሂጂና በኋላ ውሰጅው" አልኋት።

"ኧረ አላደርገውም" አለችኝ ዓይኗ እያነባ። "ቢያስለኝም እዚሁ ቆሜ ሲፈጭ ባየው ይሻለኛል።"

ያን ለት እየሮጥሁ ነው ሱቄ የገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኔን የተከልሁት አስፋልቱ ማዶ ነው፤ ደንበኛዬ ግን እዚያም የለም። ሁላችንንም ትቶ በወፍጮ ቤት ግቢ እየሳለ ነው። የተፈጨውን በርበሬ ወደ ጓዳ አስገባሁ። ከቡሬ ያመጣሁትን ዛላ ቀነጠስሁ፤ ደልዤ አደረቅሁት፤ ሳልፈጨው በትልልቅ ሰፌድ አድርጌ በሩ ላይ ዘረጋሁት። ኮረሪማውን ለብቻ፣ ነጭ አዝሙዱን ለብቻ፣ በሶብላውን ለብቻ አስቀመጥሁ። ክዳን የለ፣ ላስቲክ የለ። የመጣው ሁሉ ይነካል፣ ይሰብራል፣ ያሸታል፤ የፈለገውን አስመዝኖ፣ እዚያው ፊቱ ቀላቅዬለት፣ ይዞ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል።

"ይህን ሁሉ ዓይን እንዴት ትችይዋለሽ? ቢያንስ በነጠላ ሸፈን አድርጊው እንጂ!" አለችኝ ጎረቤቴ።

"ሳያየው የሚገዛ የለም" አልኋት። "ይዩት።"

መጀመሪያ ያቺ መምህርት መጣች፣ ከዚያ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ሕማማት ሲገባ በሩ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ሌሎቹም እንደኔ እናድርግ ሲሉ ዛላ ከገበያ ጠፍቷል፤ የተገኘውም አይቀመስም። የኔ ጆንያዎች ግን ከጓዳ እየወጡ ነበር። ባለቤቴ ከቢሮ ሲመለስ ሚዛኑ ላይ ይቆማል። ለማን ነው ብሎ የጠየቀኝን ጥያቄ አላስታወስሁትም፤ እሱም አላነሣውም።

ፋሲካ ሊሆን ሲል እትዬ መጡ። ሰዉ እስኪሄድ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ባለቤቴም ነበረ። ሱቁ ጭር ሲል፣ "እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው። ክፍሏ ያንቺ ናት" አሉኝ። እንባዬ መጣ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዝ አደረጉኝ።

"አንድ ነገር ብቻ። ያ ዙረት ይቅር።"

"እትዬ፣ ይህ ሁሉ ሰው የመጣው በዙረቱ እኮ ነው።"

"የመጣው በእግዜር ነው!" ድምፃቸው ከፍ አለ። "የኛ ቤት ስም ያለው ቤት ነው። የወንድምሽ ሚስት የሰው ዕቃ እያየች ትዞራለች ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ነው ከቤተ ክርስቲያን የምወጣ። ደግሞስ ከእንግዲህ ምን ቀረሽ? ሞላልሽ አይደል? አርፈሽ ተቀመጭ።"

ወደ ባለቤቴ አየሁ። አንድ ቃል እንዲናገር ፈለግሁ። መሬት መሬት ያያል። ከእትዬ ይልቅ የእሱ ዝምታ ነው ያመመኝ።

እሺ ብሎ ተደብቆ መዞር ይቻል ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚኖረው። ግን ሞልቶልኛል ብዬ አርፌ የተቀመጥሁበትን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ከፊት ለፊቴ መደብር የተከፈተብኝ ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ነውር ያልሆነን ነገር ተደብቄ ብሠራው ነውር መሆኑን ማመኔ ነው። ቁልፉን ከወገቤ ፈታሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁት።

"ተይ፣ አትቸኩይ" አሉ እትዬ።

"አልቸኮልሁም። ለሚፈልጋት ይስጧት፣ እትዬ። ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘው ክፍል አልፈልግም።"

መዳፋቸውን ሳይጨብጡ ቆዩ። ተመልሼ እንድወስደው ነበር የጠበቁት። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። በመጨረሻ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

በበዓሉ ማግሥት በወፍጮ ቤቱ ግቢ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ተከራየሁ። ግድግዳ የለውም፤ ሰልፉ ግን ከፊቴ ነው የሚቆመው። ባለቤቴ ሚዛኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በከተማው መካከል፣ በእህቱ ደጅ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየው ተሸክሞ አመጣልኝ። ሲያስቀምጠው አስነጠሰው። "እዚህ ስታስነጥሺ ነው የምትውይ" አለኝ። ያን ቀን ይቅር አልሁት።

የገበያው ቀን ሲደርስ እንደለመድሁት ማልጄ ወጣሁ። ከመንገድ ዳር ጀመርሁ፤ ቅመም ተራን ዞርሁ፤ ከዚያ ወደ ባልትና ሱቆቹ አቀናሁ። አንዱ ደጅ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። የኔው ክፍል ነበረች። የቀባሁት ቀለም እንዳለ ነው፤ ውስጧ ግን ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሯል፣ በላዩ ሸራ ለብሷል። አልፌው ብሄድ ማንም አይታዘበኝም ነበር። ገባሁ። ሰውየው ከተቀመጠበት ብድግ አለና፣ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ፣ "ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?" አለኝ።

"ምንም አልገዛም" አልሁት፣ የሸራውን ጫፍ ገለጥ እያደረግሁ። "ለማየት ነው የመጣሁ።"